ማሽኑ የቆመ ዕለት

ሰኔ 4

ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ነግሬው የማላውቀው ነገር ይህ ነው፦ ያ ሰው አንድም ቀን እጁን አላሳረፈብኝም። አሳረፈብኝ ያልኩት እኔ ነኝ። ያልኩትም በአንድ ቃል ነው። ቃሉን የተናገርኩት ለባሌ ነበር፤ ባሌ ካረፈ ደግሞ እነሆ ዘጠኝ ወሩ።

ከዚህ ቀጥሎ ያሉትን ደብዳቤዎች እኔና ያ ሰው ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ ተጻጽፈናቸዋል። በአንድ ማተሚያ ቤት፣ በአንድ ጠባብ ባለ መስታወት ክፍል ውስጥ ስምንት ዓመት አብረን ሠርተናል፤ ከመስታወቱ ማዶ የማተሚያ ማሽኑን የሚያሠራው ባሌ ነበር። እሱ አራሚ ነበር። እኔ ዋናውን ጽሑፍ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ እሱ የታተመውን ናሙና በጣቱ እየተከተለ ስህተቱን በቀይ ይለቅማል። ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንድ ሰው ብቻውን ሲያነብ ዓይኑ የሚያየው ያለውን ሳይሆን ሊኖር የሚገባውን ነው።

የራሴን ደብዳቤዎች ከመላኬ በፊት ገልብጬ አስቀራለሁ፤ የዚያ ሥራ ልማድ ነው። ሳልገለብጥ የላክሁት አንዱን ብቻ ነው።


ጥቅምት 11

ወንድሜ ሆይ፣

እንደምን ከርመሃል። የማጽናኛ ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አልፎታል፤ ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርግልኝ። የእጅህ ጽሑፍ ስለተለወጠ መጨረሻው ድረስ ካነበብኩ በኋላ ነው ያንተ መሆኑን ያወቅሁት። ፊደሎቹ ገና መጻፍ እንደሚማር ልጅ ጽሑፍ ተልቀዋል። ለምን እንደሆነ አልነገርከኝም።

ሕመሙ ጠንቶበት ነበር ወይ ላልከው፣ ሳንባው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ማሽን በቤንዚን ሲያጥብ የኖረ ሰው ሌላ በምን ይታመማል። አልተሰቃየም። ሰው ሁሉ ለሟች እንዲህ ይላል፤ እኔ ግን አጠገቡ ስለነበርኩ ነው የምልህ። ዘመድ ሁሉ መጥቶ ሄዷል። ጫማው አሁንም በሩ ሥር ነው፤ ቦታውን ብለውጠው እሱ መጥቶ የሚፈልገው ይመስለኛል።

ባሌ ብዙ የሚናገር ሰው እንዳልነበረ ታውቃለህ። አንተ ከሄድክ በኋላ አንድ ልማድ አመጣ። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ከጎረቤት ሴት ጋር ስጫወት፣ እሱ ሳሎን ውስጥ ሬዲዮውን ድንገት ይዘጋዋል። ድምፁ ሲጠፋ እኔም ዝም እላለሁ። ጥቂት ቆይቶ መልሶ ይከፍተዋል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖርን። ለምን እንደሚዘጋው አንድም ቀን አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልነገረኝም።

አሁን የሚዘጋው የለም። እኔ ግን መብራት በጠፋ ቁጥር አፌን እይዛለሁ። ማቀዝቀዣው ቀጥ ሲል፣ ብቻዬንም ሆኜ፣ አሁን ምን እያልኩ ነበር ብዬ እደነግጣለሁ።

ስለዚያ ዕለት አንዲት ቃል አልጻፍክም። እኔም ዛሬ አልጽፍም። ልጅህ እንዴት ናት? ስትሄዱ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

አክባሪ እህትህ


ኅዳር 2

እህት ዓለም፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ፊደሎቹ የተለቁት በዓይኔ ምክንያት ነው። የቀኙ መሐሉ ጠፍቶ ጠርዙ ቀርቷል። ሰው ፊት ለፊቴ ሲቆም ሁለት ጆሮ አያለሁ፣ መሐላቸው ጉም ነው። ግራው ገና ደህና ነው፤ ጠዋት ጠዋት፣ አንገቴን እንደ ዶሮ ወደ ጎን ካዞርኩ፣ የሰው ፊት ይገባልኛል። ሐኪሙ እስከ ክረምቱ መጨረሻ ብሎኛል። ከዚያ ወዲያ ብርሃንና ጥላ መለየት ብቻ። እኔ እንደሆነ፣ ሠላሳ ዓመት የለቀምኩት ስህተት ሁሉ ዓይኔ መሐል ሄዶ የተከመረ ይመስለኛል።

ስለዚህ ሥራ ቀርቷል። የመድኃኒት ካርቶን ላይ የሚጻፈውን ነበር የማርመው፤ አንድ ዜሮ ብታልፈኝ ሰው እገድላለሁ ብዬ በራሴ ፈቃድ ወጣሁ። የምኖረው ከመድኃኒት ቤት በላይ ነው። ባለቤቷ ጥሩ ሴት ናት፤ አፏ ግን አያርፍም።

ስለ ልጄ ጠይቀሻል። ደህና ናት ይሉኛል። ሂሳብ አስተማሪ ሆናለች። ማግባቷን ከሌላ ሰው ሰማሁ፤ መውለዷንም እንዲሁ። ልጅቷ ስድስት ወር ሊሆናት ነው። ሰባት ደብዳቤ ጽፌላት ለአንዱ ብቻ መልስ ጻፈችልኝ፤ አጭር ነው። «እማዬ ያኔ ስትጠይቅህ ዝም ነው ያልከው አለችኝ። ጥፋተኛ ያልሆነ ሰው ለምን ዝም ይላል? እኔም ሴት ልጅ አለችኝ።» ይላል። ይኼው ነው። እናቷ ያኔ ይዛት ስትሄድም ዝም ነበር ያልኩት፤ ያ ልክ ነው።

የልጅ ልጄን ፊት ማየት እፈልጋለሁ። ሌላ የምፈልገው የለኝም።

አንቺ ምን እያነበብሽ ነው? አሁንም መጽሐፍ የምትጀምሪው ከመሐል ነው? ያን ዕለት የሆነውንስ ምን ያህል ታስታውሻለሽ?

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 9

ወንድሜ ሆይ፣

እንደምን አለህ። ደብዳቤህን ካነበብኩ ወዲህ አንድ ዓይኔን በእጄ ሸፍኜ መንገድ ለመሄድ ሞክሬ ነበር። የጎረቤቴ ሴት አየችኝና «ምነው፣ ደግሞ አንቺን ምን ነካሽ?» አለችኝ። እጄን ከዓይኔ አውርጄ ገባሁ።

አዎ፣ አሁንም ከመሐል ነው የምጀምረው። ፊደል የቆጠርኩት ከተበላሹ ወረቀቶች ላይ አይደል፤ ወረቀት አጣፊ ሳለሁ የሚጣለውን እየሰበሰብኩ። ከገጽ አሥራ ሰባት እስከ ሠላሳ ሁለት ብቻ የማውቃቸው ስንት መጻሕፍት አሉ። ሰዎቹ እንዴት እንደተገናኙ አላውቅም፣ እንዴት እንደተለያዩም አላውቅም፤ ሲጣሉ ብቻ አውቃቸዋለሁ። አንተ ነህ ጥግ ላይ ቆሜ ሳነብ ሰምተህ «ይቺን ስጡኝ» ብለህ ወደ መስታወቱ ክፍል ያስገባኸኝ።

የጠየቅከኝን ሌላውን ነገር ልመልስ። ያን ዕለት የሆነውን ምን ያህል ታስታውሻለሽ ብለሃል። ሁሉንም። የውሃ ፓምፕ መመሪያ ነበር የምናነበው። ዋናው ጽሑፍ «ፓምፑን ከመክፈትዎ በፊት ሶኬቱን ይንቀሉ» ይላል። እኔ እንዳለ አነበብኩት። ጣትህ መስመሩ ላይ ቀረ። ቀና ስል ትከሻህ ይንቀጠቀጣል።

«እዚህ ምን ብሎ እንደታተመ ታውቂያለሽ?» አልከኝ። «ፓምፑን ከመክፈትዎ በፊት እጅዎን ይንቀሉ።»

«የግራውን ነው የቀኙን?»

«ደንበኛው እንደመረጠ።»

ከዚህ በኋላ መናገር አልቻልንም። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ ነበር። መብራት የጠፋው ያኔ ነው። ማሽኑ አንዴ አቃሰተ፣ ቀስ እያለ ቆመ። በዚያ አዳራሽ ያን የመሰለ ጸጥታ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ሳቄ ብቻውን ቀረ።

በመስታወቱ ስመለከት ሁሉም ወደ እኛ ዞረዋል። ባሌ የቀለም ጨርቁን በእጁ እንደያዘ ቆሟል። ስምንት ዓመት ከማሽኑ ማዶ ከንፈራችን ሲንቀሳቀስ ሲያየን ኖሯል፤ ሰምቶን ግን አያውቅም። እኔም እንደዚያ ስስቅ ሰምቶኝ አያውቅም። ቁጡ አልነበረም። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። የገዛ ቤቱን በር አንኳኩቶ የማያውቀው ሰው የከፈተለት ይመስል ነበር።

አጣፊዎቹ ሴቶች ቀድሞም አይለቁንም ነበር። «ወንድሜ ነው» ስላቸው «እኛም ወንድም ነበረን፣ እንዲህ አድርጎ ግን አላሳቀንም» ይሉኝ ነበር። ጓደኛዬ ነው ብል ደግሞ የባሰ ይሆናል። ያን ዕለት ግን ማንም አልቀለደም።

ያን ምሽት ቤት ውስጥ የተባለውን አንተ አታውቅም። በሚቀጥለው እጽፍልሃለሁ። ዛሬ እጄ ደከመ።

እህትህ


ጥር 28

በጥር መጀመሪያ የጻፍሽውን በማጉያ መነጽር፣ ቃል በቃል አነበብኩት። ያን ምሽት ባልሽ «ማን ነው የጀመረው?» አለሽ። «እሱ» አልሽው። እዚያ ላይ ስደርስ መነጽሩን አስቀምጬ ሄጄ እጄን ታጠብኩ። ለምን እጄን እንደታጠብኩ አላውቅም።

እኔ የማውቀው ሌላ ነበር። በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ስትገቢ ባልሽ ከኋላሽ ነበር። «ይኼ ሰው አስቸግሮሻል ወይ?» ብለው ሲጠይቁሽ መሬት መሬቱን እያየሽ በአዎንታ ራስሽን ነቀነቅሽ። አስገድደዋት ነው አልኩ። ትዋሻለች ብዬ ብናገር ዛሬ ቤቷ ስትገባ ምን ይገጥማታል አልኩ። ዝም ብዬ ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ። ሚስቴ ስትጠይቀኝም ዝም አልኩ፤ ብናገር ሄዳ ካንቺ ጋር ትጣላለች ብዬ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚያ ዝምታ ስኮራ ኖሬአለሁ እኮ። ሌላ ነገር ሁሉ ሲጠፋ፣ አንዲት ሴት አድኛለሁ እያልኩ ነበር የምተኛው። ለካ ያዳንኩት ቃልሽን ነው። ለምን ስለ ፓምፑ አልነገርሽውም? እሱስ አመነሽ ወይ?

ይቅር ብዬሻለሁ ብዬ ጽፌ ነበር። ሰረዝኩት፤ ከላይ የሚታይሽ ጥቁር እሱ ነው። ሌላ ቀን እሞክራለሁ።

«አንድ ቀን እንኳ በሌላ ዓይን አይተኸኝ ታውቃለህ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እንግዲህ እውነቱን መነጋገር ከጀመርን፣ አዎ። ለአንድ ሳምንት። አብረን መሥራት በጀመርን በሁለተኛው ክረምት። ጉንፋን ይዞሽ ድምፅሽ ጎርንኖ ነበር። ሰኞ ጀመረኝ፣ እስከ ቅዳሜ ቆየ። በሚቀጥለው ሰኞ አንድ ሙሉ መስመር ዘልዬ አለፍኩና «አንተ ሰውዬ፣ ዓይንህን የት ጥለኸው መጣህ?» አልሽኝ። ሳቅን፤ በዚያው ለቀቀኝ። ጉንፋኑ ከአንቺ ወደ እኔ ተጋብቶ የነበረ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ የነበረው ስድስት ዓመት ግን ሌላ ነው። ስሙን አላውቀውም። ከሚስቴ ጋር የነበረኝ አልነበረም፣ ከወንድሞቼ ጋር የነበረኝም አልነበረም። ከዚያ ክፍል ስወጣ ቀለል ብሎኝ ነበር ወደ ቤቴ የምሄደው። ብታምኚም ባታምኚም ሚስቴን አብልጬ የወደድኳት በእነዚያ ዓመታት ነው።

ለልጄ እንዳትጽፊ። አባቴ ነው የላካት ትላለች።


የካቲት 30

ወንድሜ ሆይ፣

እንዲህ ብዬ መጥራት ይገባኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ሌላ መጠሪያ ግን የለኝም። ሰላምታ ሳትጽፍ መጀመርህን አይቻለሁ። ልክ ነህ።

ለምን ስለ ፓምፑ አልነገርሽውም ብለሃል። ያን ምሽት ቁጭ ብሎ «ምን ነበር ያሳቀሽ?» አለኝ። «ምንም» አልኩት። ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ቀልዱ ከዚያ ክፍል ወጥቶ ቤታችን አይገባም። «ይኼ ነው?» ይለኛል ብዬ አሰብኩ። ያኔ ምን ይቀረኛል? ጥፋት ብሠራ ጥፋት ስም አለው፤ ሰው ይቆጣበታል፣ ሽማግሌ ገብቶ ይታረቅበታል። ምንም ሳልሠራ፣ ከሌላ ወንድ ጋር፣ ስለ ሶኬት፣ እሱ ሰምቶት የማያውቀውን ሳቅ ስስቅ መዋሌን ግን በምን ላስረዳው? የሚገባው ነገር ልስጠው ብዬ ነው መሰለኝ። «ማን ነው የጀመረው?» ሲለኝ «እሱ» ማለት ከእውነቱ ይልቅ የሚቀል መስሎኝ ነበር። አስገድዶኝ አይደለም። እጁን አላነሳብኝም፣ ድምፁንም አላነሳም። በማግስቱ እዚያ ቢሮ ስገባም በሩ ክፍት ነበር፤ ቆሞ የነበረው ከኋላዬ እንጂ ከፊቴ አልነበረም።

አመነሽ ወይ ላልከኝ፣ ብዙ ዓመት ያመነኝ ይመስለኝ ነበር። ከመሞቱ ሁለት ሳምንት በፊት፣ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ትራሱን ሳስተካክልለት «ያኔ ግን ምን ነበር ያሳቀሽ?» አለኝ። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ። የትኛው ጊዜ ነው አላልኩትም። ስለ ፓምፑ ነገርኩት፤ የግራ የቀኙንም፣ ደንበኛው እንደመረጠ ያልከውንም።

ሳቀ። ሳል እስኪይዘው ሳቀ። ውሃ ሰጠሁት። ሲበርድለት «ለእኔም ብትነግሪኝ እኮ እስቅ ነበር» አለኝ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እስኪያርፍ ድረስ ነገሩን መልሶ አላነሳውም። አሁን ቤቱ ውስጥ የምሰማው ያንን ቃሉን እንጂ ሌላ ነገር አይደለም።

አሁን ልለምንህ። ልጅህ ያንተን ቃል አታምንም፤ የእኔንም ብቻውን ብልክላት አታምንም። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታያቸው ግን ማንበብ የምታውቅ ሰው ናት። ደብዳቤዎቹን ሁሉ ልላክላት። ስለዚያ ሳምንት የጻፍክበትን ገጽ እንዳወጣው ከፈለግህ አወጣዋለሁ። እሱን ብታይ ሁሉንም ልታጣጥለው ትችላለች። ያላንተ ፈቃድ ግን አንድ ወረቀት አላወጣም፣ አንድ ወረቀትም አልልክም። አንዴ ባንተ ላይ ብቻዬን ወስኛለሁ፤ ይበቃኛል።

እህትህ


ግንቦት 17

ይድረስ ለእህት፣

ይህን የምጽፈው እኔ ከምድር ቤት ያለሁት ባለ መድኃኒት ቤቷ ነኝ። ጌታው ከዚህ ወር ጀምሮ ግራ ዓይናቸውም ስለከበዳቸው እሳቸው እየነገሩኝ እኔ እጽፋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የሐኪም እጅ ጽሑፍ አንብቤ ማንም ስህተት አላገኘብኝም፤ እሳቸው ግን ነጠላ ሰረዝ እንኳ የት እንደማደርግ እየነገሩኝ ነው። ደብዳቤሽን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ፤ ሁለት ጊዜ። አላለቀስኩም ብልሽ ውሸት ነው። ከዚህ በታች ያለው የእሳቸው ቃል ነው።

እህት ዓለም፣ ስለ መዘግየቴ ይቅርታ። ሁለት ጊዜ እምቢ ብዬ ላስጽፍ ጀምሬ ነበር። እንደገና ዝም ልል መሆኑን ያወቅሁት ሁለተኛውን ሳስቀድድ ነው።

ላኪው። ገጹን አታውጪ። ልጄ የሂሳብ ሰው ናት፤ አንድ መስመር ከጎደለ መልሱ ልክ ቢሆን እንኳ አትቀበልም። አባቷ ለአንድ ሳምንት ሰው እንደነበረም ትወቅ። ከስምንት ዓመት አንድ ሳምንት መጥፎ ውጤት አይደለም፤ እሷ ታርመው።

ብትመጣ ጠዋት ትምጣ። ከሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ውስጥ፣ በግራዬ በኩል አሁንም ትንሽ ይታየኛል። ከሰኔ በኋላ እንጃ።

ይቅርታውን በተመለከተ

(እዚህ ላይ ወደ መስኮቱ ዞረዋል። እየጠበቅኋቸው ነው። ሁለት ደንበኛ አስተናግጄ ተመለስኩ።)

ይቅርታውን በተመለከተ፣ ገና ነው። ደብዳቤሽ የዘገየ ቀን ግን እየደጋገምኩ ወደ ታች ወርጄ ፖስተኛው መጣ ወይ እላለሁ። ይኼንንም ጻፊላት አልኳት፤ ጽፋዋለች።

ወንድምሽ


ሰኔ 5

ትናንት የጀመርኩትን ገጽ ዛሬ፣ ፖስታው ሳይታሸግ፣ እዚሁ ፖስታ ቤት ተቀምጬ እጨርሳለሁ። ከጥቅምት ወዲህ ያሉትን ደብዳቤዎች በየቀናቸው ደርድሬ፣ አንድም ገጽ ሳላወጣ፣ ቆጥሬአለሁ። የእሱ በራሱ እጅ የተጻፈ ነው፤ የመጨረሻው ብቻ በሴትዮዋ እጅ ነው። የጥር ወር ደብዳቤዬ የለም። ሳልገለብጥ የላክሁት እሱን ነው። ዋናው እሱ ጋ ነው፤ ከእሱ እጅ መቀበል ይቻላል።

ቅድም መስኮቱ ጋ ቆሜ ሳለሁ መብራት ጠፍቶ ነበር። ጸሐፊዋ ማኅተሙን በእጇ እንደያዘች ቀና ብላ «ለማን ነው?» አለችኝ። አዳራሹ ሁሉ ጸጥ ብሏል፤ ሰዉ ሁሉ ይሰማል። ጮክ ብዬ ነገርኳት።

እንድታምኚኝ የምለምንበት ፊት የለኝም። ያኔ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር፤ ከአባትሽ የለየሽ የእኔ ቃል ነው። ይቅርታም የምጠይቅሽ ዛሬ አይደለም፤ የእሱን እንኳ ገና አላገኘሁም። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ክረምቱ ሳይገፋ፣ አንድ ቀን ጠዋት ሂጂ። ከመድኃኒት ቤቱ ጎን ያለው ደረጃ ነው። ሕፃኗን በስተግራው፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አድርገሽ ያዢለት።

ፈርመሽ እንድትቀበዪው በሬኮማንዴ ነው የምልከው። ፖስታው ላይ የጻፍኩት ስም የአንቺ ነው፣ የሂሳብ አስተማሪዋ፣ የአራሚው ልጅ።